ከፍጥነት ቅጣት በኋላ የጨመረብኝን የመኪና መድን ዓረቦን እንዴት ላስቀንስ?

ጠያቂ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመድን ውሌ ዓርብ ስለሚያበቃ አስቸኳይ ምክር እፈልጋለሁ። ባለፈው ወር ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ በማሽከርከር ተቀጥቼ ነበር፤ ዛሬ ውሉን ለማደስ ስሄድ ደግሞ ከዓምናው በእጅጉ የሚበልጥ ዓረቦን ተጠየቅሁ። መኪናዋ ቪትዝ ናት፣ ሽፋኑም ሙሉ ነው። ቅጣቱ ያመጣብኝን ጭማሪ ማስቀነሻ መንገድ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ።

ቦርከና፦
ወንድሜ፣ ከዓረቦኑ በፊት ስለ ፍጥነትህ ብትጨነቅ ይሻል ነበር። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ሲወረድ የሚሸተውን የተቃጠለ የፍሬን ሸራ የማያውቅ ወሎዬ የለም፤ ያንን እያሸተቱ ነዳጅ የሚረግጡ ሰዎች መድን ተወደደብን ብለው ሲያማርሩ ይገርመኛል።

የሸዋ በር ልጅ፦
ኩባንያ ቀይር። ቢያንስ ከሦስት መድን ሰጪዎች ዋጋ ጠይቀህ አወዳድር።

ጡረተኛው፦
አብሽር ልጄ፣ ነገር ግን የተነሣህበትን ግምት አልቀበለውም። የፍጥነት ቅጣት የሚመዘገበው በመንጃ ፈቃድህ ማኅደር ላይ ነው፤ እኔ በመድን ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ዓረቦን ስናሰላ በዋነኛነት የምናየው የመኪናውን ዋጋና ዕድሜ፣ የሚሰጠውን አገልግሎት እንዲሁም ደንበኛው ከዚህ በፊት ያቀረበውን የካሳ ጥያቄ ነበር። ስለዚህ የዓምናውንና የዘንድሮውን ውል ጎን ለጎን አስቀምጠህ የመኪናዋ ግምት ስንት ተብሎ እንደተጻፈ ተመልከት፤ ካሳ ባለመጠየቅ የሚሰጠው ቅናሽ እንዳልተነሣብህም አጣራ። ዓምና ካሳ ጠይቀህ ነበር?

ሐይቅ ዳር፦
መኪናዋን በባለቤትህ ስም አዙራት። ራዳሩን ያስነሣችው እሷ እንዳልሆነች መቼም ሁሉም ይመሰክራል።

ጠያቂ (ደሴ)፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። በጥቅምት አንድ ባጃጅ የኋላ በሬን ገጭቶት ኩባንያው አስጠግኖልኛል፤ ጥፋቱ የባጃጁ ስለነበር አልጠቀስኩትም። አሁን እንዳየሁት የመኪናዋ ግምትም ከዓምናው እጥፍ ሆኗል። ግምቱን ወደ ዓምናው ባስመልሰው ዓረቦኑ አይወርድም?

ጡረተኛው፦
ይወርዳል፣ ጉዳት ሲደርስ ግን ትከፍልበታለህ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪና ዋጋ ስለናረ ግምቱ መነሣቱ አይደንቅም። ገበያ ላይ 2 ሚሊዮን ብር የምታወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን ብር ተመዝግባ የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስባት፣ የሚታሰብልህ ግማሹ 100,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ አንተ የምትሸፍነው ድርሻ ይቀነሳል። ይልቅስ የባጃጁን ነገር አጥብቀህ ያዝ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ይዘህ ቀርበህ፣ ኩባንያህ ለጥገናው ያወጣውን ገንዘብ ከባጃጁ ሦስተኛ ወገን መድን ያስመለሰ መሆኑን ጠይቅ፤ አስመልሶ ከሆነ ቅናሹ እንዲመለስልህ በጽሑፍ አመልክት። ይህ ካልሆነ በጉዳት ጊዜ ራስህ የምትሸፍነውን ድርሻ ከፍ ለማድረግ ብትስማማ ዓረቦኑ ሊቀንስልህ ይችላል፤ ያን ያህል ገንዘብ በእጅህ ከሌለ ግን አትሞክረው። ስም ስለማዞር የተባለውን እንደ ቀልድ እለፈው፤ በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ አውቆ ሐቁን የደበቀን ሰው ውል ፈራሽ ያደርገዋል፣ ቅጹ ላይ ስለ ቅጣት ከተጠየቅህም እውነቱን ጻፍ።

ቦርከና፦
ወደ ሦስተኛ ወገን ብቻ ቢወርድስ? በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚገደደው በእሱ ብቻ ነው።

ጡረተኛው፦
መብቱ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ግን የሌላውን ሰው ጉዳት እንጂ የራሱን ቪትዝ አይጠግንለትም። መኪናዋ በባንክ ብድር የተገዛች ከሆነ ደግሞ ባንኩ ሙሉ ሽፋኑ እንዲቋረጥ አይፈቅድም።

የሸዋ በር ልጅ፦
እኔ አሁንም ኩባንያ ቀይር ነው የምለው። ተጨማሪ ሽፋኖቹንም በሙሉ አስወጣቸው፤ ዓረቦኑን የሚያሳብጡት እነሱ ናቸው።

እናት ከወልድያ፦
በሙሉ የሚለው ምክር ለእኛ አገር አይሠራም። ተራው የመኪና ውል በጦርነትና በሁከት የሚደርሰውን ጉዳት አይሸፍንም፤ የፖለቲካ ሁከት ሽፋን ለብቻው የሚገዛውም ለዚህ ነው። በ2014 ጦርነቱ ወልድያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ይህ ሽፋን ያልነበራቸው ባለንብረቶች ሙሉ ሽፋን አለን ብለው ቢሮ ድረስ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ልጄ፣ ሌላውን ብታስወጣም ይህኛውን ሳታስብበት አትንካው። ኩባንያ የምትቀይርም ከሆነ ያለ ካሳ የቆየህባቸውን ዓመታት የሚገልጽ ደብዳቤ ከአሁኑ ኩባንያህ ሳትቀበል አትውጣ፤ ደብዳቤው ከሌለህ አዲሱ ኩባንያ እንደ አዲስ ደንበኛ ሊያይህ ይችላል። ዓርብ ሩቅ አይደለምና ነገ ጠዋት ሂድ።