ለመንዝና ለመርሐቤቴ ገጠር፦ ማማው ይቅደም ወይስ መብራቱ?

አወያይ፦ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጁ (ቁጥር 1148/2011) ቴሌኮም ላልደረሰባቸው አካባቢዎች የሚውል ፈንድ አለው። እንበልና ገንዘቡ ለሰሜን ሸዋ ገጠር ደረሰ። መጀመሪያ ምን ይሠራበት? የኔትወርክ ማማ ወይስ መብራት? ስድብ አይፈቀድም። ፖለቲካውም በልክ ይሁን።

መምህር፣ ከሞላሌ፦ ማማ! የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኦንላይን ሆኗል። የኛ ልጆች ግን ኮምፒውተር የሚያውቁት በሥዕል ነው። አንድ ጊዜ ለኦንላይን ምዝገባ ልጆቹን ይዤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጣሁ። ስልክ በፌስታል ጠቅልለን ባሕር ዛፍ ላይ በገመድ ሰቀልን። ሆትስፖት ከፍተን ከሥር ተቀመጥን። ንፋስ በመጣ ቁጥር ገጹ ቀጥ ይላል። ሃያ ሦስት ልጅ ለመመዝገብ ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀብን።

ኤሌክትሪሻን፣ ከደብረ ብርሃን፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስልኩን የት ቻርጅ አደረጉት?

መምህር፦ በገበያ ቀን፣ ሶላር ያለው ሱቅ፣ ከፍዬ።

ኤሌክትሪሻን፦ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ማማ መብራት ይበላል። መስመር ከሌለ ጄኔሬተር ይገባል፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል። በክረምት ያንን ጭቃ ማን ናፍጣ ጭኖ ይወጣዋል? ሶላር እንዳትሉኝ፣ መንዝ ጓሳ ደጋ ላይ ጉም ሲተኛ ፓነሉ ምን ያመነጫል? ባትሪውን ደግሞ ሌባ አይምረውም።

ሾፌር፣ የዓለም ከተማ መስመር፦ ገደሉን ረሳችሁት እኮ! ከለሚ ቁልቁል ስወርድ ኔትወርኩ እየሳሳ ይሄዳል፣ ጀማ ወንዝ ስደርስ ጭራሽ የለም። ሞገድ እንደ እኔ መኪና አይጠማዘዝም። ማማ ከማማ ጋር መተያየት አለበት። ገደል ለገደል ስንት ማማ ልትተክሉ ነው?

ነጋዴ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ ሁለተኛ ኩባንያ ሲገባ ነገር ይለወጣል ተብሎ ነበር። ሳፋሪኮም በ2013 በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ወሰደ፣ በ2015 መስከረም ሥራ ጀመረ። ውድድር ግን ከተማ ነው የሚወደው። መንዝ ላይ በአንድ ማማ ሥር ከሰው በግ ይበዛል። በግ ፓኬጅ አይገዛም።

ተማሪ፣ ከአንኮበር፦ ሃሃ! ጋሼ፣ ገዳዩ ነገር ሌላ ነው። እናቴ ያላት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ፎርጂ ደጃችን ቢተከል ለእሷ ያው «ሃሎ» ነው። ስማርት ስልክ ግዢ ብላት የትኛውን ሙክት ልሽጥ ትለኛለች።

ነጋዴ፦ ታዲያ በሳተላይት ይምጣልና!

ኤሌክትሪሻን፦ ላም አለኝ በሰማይ። ሳህኑ ብቻ በመቶዎች ዶላር ነው። እሱም መብራት ይፈልጋል።

ከመሐል ሜዳ፦ ማማ ቆሞም፣ መብራት ኖሮም አላየንም እንዴ? በሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፣ ለብዙ ወራት። ከናፍጣና ከገደል በፊት እሱ አይነሳም?

አወያይ፦ ፖለቲካው በልክ ብያለሁ።

ከመሐል ሜዳ፦ ወንድሜ፣ የምን ፖለቲካ? ኢንተርኔት ነው የተጠየቅኩት። ኩባንያስ ነገ ለሚዘጋ፣ ጠጋኝም ለማይደርስበት ቦታ ገንዘቡን ለምን ያፈሳል?

መምህር፦ እውነት ነው። ግን ያ እስኪፈታ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? ሐሳቤን ትንሽ ላሻሽል። ማማው ተራራ ላይ ብቻውን አይቁም። ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው አጠገብ ይተከል፣ ሶላሩም ለሦስቱ ይሁን። ልጆቹ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ይጠቀሙ፣ እናትም ሙክት አትሽጥ። ባትሪውንም መንደሩ ይጠብቀዋል፤ የልጁ መብራት ነዋ።

ሾፌር፦ ትምህርት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ከሆነስ?

መምህር፦ የኛስ ጉብታ ሥር ነው። ማማውን ጉብታው ላይ፣ ገመዱን ቁልቁል።

ኤሌክትሪሻን፦ እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። ግን ሶላሩ ለሦስቱም እንዲበቃ ባትሪው መብዛት አለበት፣ በተለይ ለሐምሌና ለነሐሴ። ወጪው እዚያ ላይ ነው። ፈንዱ መክፈል ያለበትም እሱን ነው፣ ብረቱን ኩባንያው ያቁም።

ነጋዴ፦ ኩባንያው እሺ ካለ ነዋ።

ሾፌር፦ መምህር፣ ያ ስልክ ከዛፉ በሰላም ወረደ?

መምህር፦ ወረደ። ስክሪኑ ግን ተሰነጠቀ። የባለቤቴ ነበር።