የሙቀት ምድጃው ፍጥነት 4 ይገባዋል ወይ?

ብረት_ቀላጭ፦ የፋክቶሪዮን፣ የፋብሪካ ግንባታ ጌሙን፣ የሙቀት ምድጃ ሞድ (ተጫዋች ራሱ የሚሠራው ጭማሪ) አዲስ አፕዴት አያችሁት? በቧንቧ በሚመጣ ሙቀት ማዕድን የሚያቀልጠው ምድጃ ፍጥነቱ ከ2 ወደ 4 ወጥቷል። የተሰጠው ምክንያት «ቧንቧ መዘርጋት አድካሚ ስለሆነ ለተጫዋቹ ካሳ ይገባዋል» የሚል ነው። የምን ካሳ? ፋክቶሪዮ ራሱ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ 180 ኪሎዋት በልቶ ፍጥነቱ 2 ነው። ይሄኛው ያንኑ 180 በልቶ እጥፍ ያቀልጣል። ሞጁልም (ማሽን ላይ የሚገጠም ማሻሻያ) ሦስት ይቀበላል፣ የኤሌክትሪኩ ሁለት ብቻ። ከዚህ በኋላ ኤሌክትሪኩን ማን ይሠራል?

ቧንቧ_ዘርጊ፦ ካሳ መባሉ ልክ ነው። የሙቀት ቧንቧ እንደ ሽቦ ምሰሶ ተክለህ የምትሄደው ነገር አይደለም። ሙቀቱን ከሚያመነጨው የኒውክሌር ሪአክተር በራቅህ ቁጥር ዲግሪው ይወርዳል። ትናንት ማታ ረጅም መደዳ ሠርቼ ማውሱን ቧንቧው ላይ እየጎተትኩ አየሁት። ሪአክተሩ ሥር 900 ገደማ ነው፣ መጨረሻው ጋ 500 አልሞላም። ምድጃው ደግሞ ከ500 በታች አይሠራም። ዝም ብሎ ቆሟል፣ ማዕድኑ ቀበቶው ላይ ተጠራቅሟል።

ብረት_ቀላጭ፦ መደዳህን አሳጥረዋ! አንድ ሪአክተር 40 ሜጋዋት ነው። እኔ በኤሌክትሪክ ልጠቀምበት ብል አራት ሂት ኤክስቼንጀር (ውኃን በሙቀቱ እንፋሎት የሚያደርግ)፣ ሰባት ገደማ ተርባይን፣ ውኃና ፓምፕ ያስፈልገኛል። አንተ ይሄን ሁሉ ዘለህ ከ220 በላይ ምድጃ ታስነሳለህ። ካሳ የሚገባው ተርባይን የደረደረው ሰው ነው።

የአኩዊሎ_ልጅ፦ ሁለታችሁም ሪአክተር ላይ ብቻ ቆማችኋል። ግሌባ የምትባለው ፕላኔት ላይ ሂቲንግ ታወር፣ ነዳጅ አቃጥሎ ሙቀት የሚሰጥ ማማ፣ አለ እኮ። የበሰበሰውን ሁሉ ትከትበታለህ። 16 ሜጋዋት ነዳጅ ገብቶ 40 ሜጋዋት ሙቀት ይወጣል። የሚጣል ነገር አቃጥዬ ላገኘሁት ሙቀት ማነው ካሳ የሚከፍለኝ?

ቧንቧ_ዘርጊ፦ እሺ፣ በረዷማዋ ፕላኔት አኩዊሎስ? እዚያ ያው ቧንቧ ነው ማሽኑን ከበረዶ የሚጠብቀው። ምድጃው ሙቀቱን ይሻማሃል።

የአኩዊሎ_ልጅ፦ ወንድሜ፣ እኔ እዚያው ነው የምውለው። ማሽን እንዳይቀዘቅዝ 30 ዲግሪ ይበቃዋል። ምድጃህ ከ500 በታች ካልሠራ፣ ከሱ የተረፈው ለበረዶው ሞልቶ ተርፏል። ሽሚያ የለም።

አሮጌ_ላፕቶፕ፦ ስለ ላግ የሚያወራ የለም? የሙቀት ቧንቧ ሲበዛ ኮምፒውተር ይጨንቃል። ትልልቅ ቤዝ የሚሠሩት ሶላር የሚመርጡት ለምን ይመስላችኋል?

ብረት_ቀላጭ፦ ለላፕቶፕህ ተብሎ ሚዛን አይሠራም።

አሮጌ_ላፕቶፕ፦ ንቀቱን ተው። ፍጥነቱ 4 ከሆነ ምድጃው በግማሽ ይቀንሳል፣ ቧንቧውም አብሮ ያጥራል። እኔ 4ን የምደግፈው ለዚህ ነው። ካሳ የሚባለውን አላውቅም።

ቧንቧ_ዘርጊ፦ ይኸው! ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ሞዱን የሠራው ልጅ ሳይከፈለው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ነው የሚያስተካክለው። የጻፋትን አንዲት ቃል ይዞ እንዲህ ማብጠልጠል ደግ አይደለም።

ብረት_ቀላጭ፦ ልጁን ማን ነካው? የተናገርኩት ስለ ቁጥሩ ነው። ፍጥነቱ 4 ይሁን ካላችሁ ፍጆታው 360 ኪሎዋት ይሁን። ሦስተኛው ሞጁል ይነሳ።

የአኩዊሎ_ልጅ፦ 360 ምንም አይለውጥም። ሪአክተሩ ሙቀቱን ተጠቀምክበትም አልተጠቀምክበትም ፊውል ሴሉን (ነዳጁን) በ200 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ብዙ ሰው የሚያባክነው ሙቀት አለው። መነካት ያለበት ዲግሪው ነው። ፍጥነቱ 4 ይቆይ፣ ግን ምድጃው ከ800 በታች አይሥራ። ያኔ አቀማመጥ ማሰብ ግድ ይሆናል።

ቧንቧ_ዘርጊ፦ 800?! መደዳዬ ግማሹ ሊሞት ነው።

የአኩዊሎ_ልጅ፦ አዎ። ታዲያ ካሳው ያኔ ይገባሃል።

ብረት_ቀላጭ፦ አሁንም ካሳ! ለማንኛውም ቅዳሜ ሰርቨሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። አሮጌውን ቨርዥን ነው የምጭነው።

ቧንቧ_ዘርጊ፦ እንግዲያው ያለ እኔ ጀምሩ።