ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለላቲኖ (ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ ለሆነ) ተማሪዎች ለብቻ ቢሮ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

ሰላም፦ እስቲ በዚ እንከራከር። ቴክሳስ ኤስቢ 17 የሚባል ሕግ አውጥታ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የዳይቨርሲቲ ቢሮ፣ ማለትም በዘር በፆታ ምናምን ለተለያዩ ተማሪዎች የሚሰራ ቢሮ፣ እንዳይኖራቸው ከልክላለች፣ ኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲም (ዩቲ) ላቲኖ ጥቁር ኤዥያን ምናምን ተማሪዎች የሚሰባሰቡበትን ሴንተር ዘጋው። እኔ በጣም ነው ያዘንኩት። እናንተስ?

ቢኒ፦ እኔ ደግፌዋለሁ። ግቢ ከገባህ ተማሪ ነህ አለቀ። ለሜክሲኮው ለብቻ ለቬትናሙ ለብቻ ክፍል እየሰጡ አንድ ነን ማለት አይገባኝም። በብሔር መቧደን ግቢዎቻችንን ምን እንዳደረጋቸው በኛ አቆጣጠር በ2012 ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ላይ አይተናል እኮ፣ ልጆች ሞተዋል።

ሰላም፦ ቢኒ እሱን ማን ይረሳዋል። ግን እዛ ጠቡ ተማሪ ከተማሪ ነበር፣ እዚህ ችግሩ ልጁ ከቤተሰቡ የመጀመሪያው ኮሌጅ ገቢ ሆኖ ማንን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ በሁለተኛው ሴሚስተር ድምፁን አጥፍቶ መቅረቱ ነው። ፑዌንቴ የሚባለውን የኮሌጅ ተማሪዎች መርጃ ፕሮግራም እየው፣ በ1981 ካሊፎርኒያ ቻቦት ኮሌጅ የጀመሩት ሰዎች የላቲኖ ተማሪዎችን ትራንስክሪፕት ሲያገላብጡ ልጆቹ ካውንስለር ጋ እንደማይሄዱ፣ የኮሌጅ ደረጃ ራይቲንግ እንደማይወስዱ አዩና ሶስቱን ነገር አንድ ላይ አደረጉት፣ ራይቲንግ ክላስ፣ አብሯቸው የሚቆይ ካውንስለር፣ ከማኅበረሰቡ የወጣ ሜንተር። ደሞ ለማንም ክፍት ነው፣ ሐበሻም ይመዘገባል። ይሄ መለያየት ነው?

የሃና እናት፦ ልጆች እኔም ልናገር። የልጄ ጓደኛ የሳልቫዶር ልጅ ናት፣ ማታ ማታ ከእናቷ ጋር ቢሮ ታጸዳለች፣ እናቷ ሐኪም ጋ ስትሄድም የምታስተረጉመው እሷ ናት። በሚድተርም ሳምንት እንደዛ ሆኖ ፈተናው ሲያመልጣት መምህሩ በስምሽ የሐኪም ወረቀት አምጪ አላት። የታመመችው እናቷ፣ በማን ስም ታምጣ? ሃና ናት ዲን ቢሮ ይዛት የሄደችው፣ ልጅቷ እኮ እንደዛ አይነት ቢሮ መኖሩንም አታውቅም ነበር።

ቢኒ፦ እርሶ ያሉት በጣም ያሳዝናል፣ ግን ይሄ የድህነት ጉዳይ ነው፣ ለምን ላቲኖ ይባላል? ለሁሉም አዲስ ገቢ ይሁን።

ሰላም፦ ለሁሉም ይሁን፣ እኔም እሱን ነው የምለው! ግን ለሁሉም የተባለው ኦሪየንቴሽን በእንግሊዝኛ ብቻ፣ ያውም በስራ ሰዓት ይሆንና እናትየው አትመጣም። ብሩም ቢሆን ለሁሉም ነበር። ከተማሪው ቢያንስ 25 በመቶው ላቲኖ የሆነ ኮሌጅ ሂስፓኒክ ሰርቪንግ (ላቲኖዎችን የሚያገለግል) ተብሎ ለፌደራል ግራንት መወዳደር ይችል ነበር፣ በዛ የሚሰራው ላብና ቲውተሪንግ ለነጩም ለሐበሻውም ነው፣ ሴፕቴምበር 2025 ላይ የፌደራሉ ትምህርት መስሪያ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ አቆመው። አንዳንዱ ኮሌጅ ደሞ ቁጥሩን ቆጥሮ ብሩን ወስዶ በዓመት አንዴ ሙዚቃና ታኮ ማቅረብ ብቻ ነበር ስራው፣ እሱን አብረን እንውቀስ።

ቢኒ፦ ማታ ይሁን፣ በስፓኒሽ ይሁን፣ እቀበላለሁ። ለብቻ ቢሮ የሚለው ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም።

የሃና እናት፦ ማታውን ካመናችሁ እሱን ጠይቁልን፣ በአማርኛም ጭምር። እዚህ ቴክሳስ ጋርላንድ ከተማ የልጁን ኮሌጅ ደጁን እንኳ ያልረገጠ ወላጅ ብዙ ነው።