የውርስና የግብር ጠበቃ ነኝ፤ ድርጅት ልግባ ወይስ እዚሁ ልቆይ?

የካራዋ ጠበቃ
ጤና ይስጥልኝ። ቢሮዬ ካራ ነው። ብዙ ዓመት ለብቻዬ ስሠራ ኖሬያለሁ፦ ኑዛዜ፣ ውርስ ማጣራት፣ የወራሾች የግብር ጉዳይ። አሁን ቦሌ ያለ የጥብቅና ድርጅት በሸሪክነት ግቢ ብሎኛል። እነሱ የኩባንያና የውል ሥራ ነው የሚይዙት፤ የውርስ ሰው የላቸውም።

ልቤ ወደ መግባቱ ያደላል። ብቻዬን የማልደርስበት በዝቷል። በቅርቡ አንድ አባት አርፈው ልጆቻቸው ቤት ለመካፈል መጡ። ሰነዱ ሲታይ ሱቆቹ ተከራይተው ኖረዋል፤ የኪራይ ገቢ ግብሩ ግን ውዝፍ ነው። አገራችን ውርስ በመውረስ ብቻ የሚከፈል ግብር የላትም። የሟች የግብር ዕዳ ግን ከውርሱ ላይ ይነሳል፤ ወራሾች የሚካፈሉት የተረፈውን ነው። ትልቁ ልጅ «እኛ ምን አጠፋን?» ብሎ አፈጠጠብኝ። እሱን ማስረዳት፣ ግብር ቢሮ መመላለስ፣ ችሎት መቆም፣ ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም።

የሚያሳስበኝ ደንበኞቼ ናቸው። ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፤ ከቅዳሴ መልስ ጎራ ይላሉ። በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦላቸው አሻራቸውን ያሳረፉበት ኑዛዜ እኔ ካዝና ውስጥ ነው። ይዤው ልሂድ? ከመፈረሜ በፊትስ ምን ልጠይቅ?

ነባር ሸሪክ
እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ስለ ጥብቅና ሥራ ከወጣው አዋጅ 1249/2013 በፊት ቢሮ ብንጋራም በሕግ ፊት እያንዳንዳችን ለየብቻ ነበርን። ዛሬ በድርጅት መሥራት ተፈቅዷልና ዕድሉን አትግፊው።

መጀመሪያ የምትጠይቂው ግን ስለ ትርፍ ክፍፍል አይሁን። ድርጅቱ ለማን ነው የሚቆመው? ለባንክ የሚቆም ከሆነ፣ ያ ባንክ ነገ የሟች አበዳሪ ሆኖ ይመጣል። ያኔ የጥቅም ግጭት ነው፤ የኖረ ደንበኛሽን «አልችልም» ልትይ ነው። የደንበኞቻቸውን ዝርዝር ከራስሽ ጋር ሳታመሳክሪ እንዳትፈርሚ።

የለገጣፎ ልጅ
እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ደርሶብኛል። የእናቴ ጠበቃ ቢሮ ሲቀይሩ ማንም አልነገረንም። እሷ ስታርፍ ኑዛዜው የት እንደገባ ፍለጋ ስንከራተት ወንድማማቾች ተኳረፉ። እባክዎ ለእያንዳንዷ እናት ይደውሉ። ወረቀቱ የእሳቸው ነው። ከፈለጉ ይውሰዱት፤ ካልፈለጉም የት እንደሚቀመጥ ለሚያምኑት ልጅ ይንገሩ።

ፋይል ተሸካሚው
በዚህ እስማማለሁ። ኑዛዜ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤትም በአደራ ሊቀመጥ ይችላል።

ሌላም አለ። ከካራ ትንሽ አለፍ ሲሉ ለገጣፎ ነው፤ እሱም ኦሮሚያ ክልል ሥር ያለው የሸገር ከተማ አካል ነው። እዚያ ያለ ቤት ጉዳይ ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ሲሄድ የፌዴራል ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ችሎቱም በአፋን ኦሮሞ ነው። ድርጅቱ የክልሉ ፈቃድ ያለው ጠበቃ አለው? ከሌለው፣ ግማሹን የለገጣፎ ሥራዎን ማን ይይዘዋል?

የካራዋ ጠበቃ
እግዜር ይስጥልኝ። የባንኩ ነገር አልታሰበኝም ነበር፤ ነገ የደንበኞቻቸውን ዝርዝር እጠይቃለሁ። የኦሮሚያ ፈቃድ ያላት ጠበቃ ስላለቻቸው እሱ ቀሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ ካራ ቢሮዬ ክፍት እንዲሆን ውሉ ውስጥ ይግባልኝ ልላቸው ነው፤ እምቢ ካሉኝ አልፈርምም። ለእናቶቹ መደወል ግን ዛሬውኑ እጀምራለሁ።