ከአሰብ የመጣ አሮጌ ሲጋል የጀልባ ሞተር፤ በሐይቅ ላይ ሊሠራ ይችላል?

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ነፍሱን ይማርና አጎቴ በደሴና በአሰብ መካከል ከባድ መኪና ያሽከረክር በነበረበት ዘመን ከወደቡ ገዝቶ ያመጣው፣ ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠል የቤንዚን ሞተር ሐይቅ ከተማ ባለው ቤታችን ዕቃ ቤት ውስጥ ተሸፍኖ ተገኝቷል። በላዩ ላይ ብሪቲሽ ሲጋል የሚል ጽሑፍ ይነበባል፤ አጎቴም ሞዴሉ 102 እንደሆነና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ይገለገሉበት እንደነበር ይናገር ነበር። ከላይ ያለው ቮላኖ (ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ) በእጅ ሲሞከር ንቅንቅ አይልም፤ የካርቡሬተሩ ውስጥ ደግሞ እንደ ሙጫ በደረቀ ቤንዚን ተሞልቷል። ፍላጎቴ ቀለም ቀብቶ ለጌጥ ማስቀመጥ ሳይሆን እንደ ቀድሞው አስነስቼ በሐይቁ ላይ ማየት ነው። ከየት ልጀምር? ዘይቱስ ምን ያህል ይሁን? የጦርነቱ ዘመን መሆኑንስ በምን አረጋግጣለሁ?

ቶርኖ ቤት፣ ኮምቦልቻ፦

ወንድሜ አብሽር፤ ይህ ሞተር ቀላል ሆኖ የተሠራና በትዕግሥት ለያዘው የሚመለስ ነው። ከዕድሜው ልጀምር። 102 የሚለው ስም የሲሊንደሩን ይዘት፣ ማለትም 102 ሲሲን የሚያመለክት ሲሆን፣ ሞዴሉ በጦርነቱ ጊዜ ለእንግሊዝ ጦር በብዛት ቢመረትም ከጦርነቱ በኋላም ለዓመታት መሠራቱ ስላልቆመ፣ ስሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በሞተሩ አካል ላይ የተመታውን ፊደልና ቁጥር አጽድተው ያንብቡና የሲጋል ወዳጆች ካሰባሰቧቸው የመለያ ቁጥር ዝርዝሮች ጋር ያስተያዩ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ ገመድ ጠምጥመው በጉልበት እንዳይስቡት አደራ እላለሁ። ካንዴላውን (ብልጭታ ሰጪውን) ይፍቱና በቀዳዳው ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቅለው ይጨምሩ፤ ለቀናት ይተዉት፤ ከዚያም ቮላኖውን ግራና ቀኝ በጥቂቱ ይወዝውዙት። በፒስተኑ ራስ ላይ መዶሻ ማሳረፍ ክልክል ነው። ካልተላቀቀ ሲሊንደሩ በዳዶዎች ብቻ የተያዘ ስለሆነ ፈትቶ ማንሳት ይሻላል፤ የፒስተን ቀለበቶቹም ዝገት ይዟቸው እንደሆነ በዚያው ይታያል።

ቮላኖውን ለማውለቅ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ማግኔቶው (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል) ቪልየርስ የተባለው ኩባንያ ሥሪት ከሆነ የመሐሉ ዳዶ መጀመሪያ ይላላና ጥቂት ዞሮ እንደገና ይጠብቃል። ያን ጊዜ ጥርሱ ተበላሸ ብለው እንዳያቆሙ፤ ዳዶው ራሱ ቮላኖውን ወደ ላይ እየነቀለው ነውና በሚገባ ኪያቤ ይቀጥሉ። ከሥሩ የሚያገኟቸውን ፑንቲናዎች (ኤሌክትሪኩን የሚከፍቱና የሚዘጉ ጫፎች) አጽድተው ክፍተታቸውን 0.5 ሚሊ ሜትር ያድርጉ፤ ካንዴላውም እንዲሁ 0.5 ይሁን። ኮንደንሰሩን (ፑንቲናዎቹን ከመቃጠል የሚጠብቀውን) ሳይፈትኑ ይቀይሩት፤ በዚህ ዕድሜ ጤነኛ ኮንደንሰር አይጠበቅም። የማግኔቶው የሽቦ ጥቅል (ኮይል) መጠቅለያ ከተሰነጠቀ ግን ውስጡ ያለው ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠነ በመሆኑ የውኃ ፓምፕ ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ሁሉ ይችለዋል ማለት አይደለም።

ዘይቱን በተመለከተ ለአሥር ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ኤስኤኢ 30 (ቁጥሩ የውፍረት ደረጃው ነው) ዘይት ነው፤ ብዙ ነው ብለው እንዳይቀንሱ። የክራንኩ ዘንግ የሚሽከረከረው በኳስ ኩሽኔታ ሳይሆን በነሐስ ቡሽ ላይ ስለሆነ ሕይወቱ ይኸው ዘይት ነው። ለሃያ አምስት አንድ የሚባለው ለኋለኞቹ ሞተሮች የተወሰነ ነው። ከታች ላለው የጥርስ ሳጥን ደግሞ ኤስኤኢ 140 ይጨምሩ፤ ውኃ ገብቶበት ወተት ቢመስል አይደንግጡ፣ አሠራሩ ይህን ታሳቢ ያደረገ ነው።

የደሴ ፊዚክስ መምህር፦

ከላይ በተሰጠው ምላሽ እስማማለሁ፤ የማክለው ከፍታን ነው። ሞተሩ የተሠራው ለባሕር ጠለል ሲሆን የሐይቅ ውኃ ግን ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ኃይሉ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ቤንዚኑም ከአየሩ አንጻር በዝቶ ካንዴላውን ጥላሸት ያለብሰዋል። የካርቡሬተሩ መርፌ ጥርስ ካለው አንድ ጥርስ ዝቅ ያድርጉት፤ ከዚያ ካንዴላውን አውጥተው ይመልከቱ። የጠቆረና የረጠበ ከሆነ አሁንም ቤንዚን በዝቷል፤ የነጣ ከሆነ ግን አንሷልና ወዲያው ይመልሱት።

አርዲቦ፦

እኔ ደግሞ ስለ ውኃው ልናገር። ይህ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ነገር በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ምት ሞተር (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባበት) ከሚያስገባው ነዳጅና ዘይት ከፊሉን ሳያቃጥል የሚያስወጣ ሲሆን፣ ሲጋል ደግሞ ይህንን በውኃ ውስጥ ነው የሚለቀው። እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ ሐይቁ የገባው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ዛሬ የስንት አስጋሪ ቤተሰብ እንጀራ እንደሆነ እዚያው ያደጉት ጠያቂ ያውቁታል፤ ከብቱም የሚጠጣው ከዚያው ነው። ሞተሩ መዳን አለበት፤ ነገር ግን ለአሥር አንድ ዘይት የሚበላ ሞተር በዚህ ውኃ ላይ አዘውትሮ መሮጥ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ቶርኖ ቤት፣ ኮምቦልቻ፦

አርዲቦ የተናገሩት እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ዘይቱን መቀነስ ሳይሆን የሥራውን ሰዓት መቀነስ ነው። ሞተሩን በጠንካራ እንጨት ላይ አስረው ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ ያስነሱት፤ ውኃው ፓምፑን በደንብ መሸፈን አለበት፤ ያለ ውኃ ለአፍታም ቢሆን አያሠሩት። ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት በጨርቅ ይልቀሙት እንጂ በርሜሉን ወደ ቦይ አይድፉት። በሐይቁ ላይ አንድ ቀን ለማየት ከፈለጉ ደግሞ ከአስጋሪዎቹና ከእስጢፋኖስ ገዳም አባቶች ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። በዚያን ዕለት ልብ ይበሉ፤ 102 ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከውኃ መቅዘፊያው የሚለያይ ክፍል) ስለሌለው እንደተነሣ ጀልባውን ይዞ ይሄዳልና አፍንጫው ወደ ክፍት ውኃ ይዙር። ቮላኖው ያለ ክዳን ስለሚሽከረከር ነጠላ ወይም ሽርጥ ያጣፋ ሰው በአጠገቡ አይቀመጥ። ሲጨርሱ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግተው ካርቡሬተሩ እስኪደርቅ ይሥራ፤ ዳግመኛ ሙጫ እንዳይሠራበት ይህ ይረዳል። ካንዴላውንም አውጥተው ጥቂት ዘይት በሲሊንደሩ ካንጠባጠቡ በኋላ ቮላኖውን በእጅ አንድ ሁለቴ ያዙሩት።