በርሜል የቀየሩ የአሜሪካ ውስኪዎች፦ ቀምሰን ያየናቸው ሦስት ጠርሙሶች

በዓል ወይም ሽምግልና ሲቃረብ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ብላክ ሌብል ሰለቸን፤ እስቲ ጥሩ ውስኪ ጠቁመን።» የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አሜሪካ ቁጭ ብለን እጃችን ሁሌ የሚሄደው ወደ ስኮትላንዱ መሆኑ ይገርመኛል። ባለፈው ቅዳሜ ማታ አራት ሆነን ሦስት የአሜሪካ ውስኪ ከፍተን ቀመስን። ጠርሙሶቹን በወረቀት ከረጢት ሸፍነን ቁጥር ጻፍንባቸው። ስሙንና ዋጋውን ካየን እናዳላለን ብለን ነው።

ሦስቱም በርሜል የቀየሩ ናቸው። መጀመሪያ በኦክ በርሜል ይቆያሉ። ከዚያ ሌላ መጠጥ ወደነበረበት በርሜል ተገልብጠው ይከርማሉ። ለኛ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። የጠላ ጋን በወይራ ይታጠን የለ? ጭሱ ጠላው ውስጥ ይቀራል። አያቴ ጋኑ በደንብ ሳይታጠን ጥንስስ አትጀምርም ነበር። በብዛት ከበቆሎ የሚሠራው የአሜሪካ ውስኪ፣ ቡርቦን፣ የሚቆይበት በርሜልም ውስጡ በእሳት ይለበለባል። የቫኒላውና የተቃጠለ ስኳሩ ጣዕም በብዛት የሚመጣው ከዚያ እንጨት ነው። ሁለተኛው በርሜል ደግሞ ቀድሞ ከያዘው ያካፍላል፤ ወይን ከነበረበት ወይን፣ ሩም ከነበረበት ሩም።

«ብሌንድድ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። በአሜሪካ ሕግ «ብሌንድድ ውስኪ» ለመባል 20 በመቶው ስትሬት ውስኪ ከሆነ ይበቃል፤ የቀረው ጣዕም የሌለው አልኮል ሊሆን ይችላል። «የስትሬት ውስኪዎች ድብልቅ» ተብሎ የተጻፈበት ግን ሌላ ነገር ነው። ስትሬት የሚባለው ቢያንስ 2 ዓመት በአዲስ፣ ውስጡ በተለበለበ ኦክ የቆየው ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መለያው ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ አንብቡ።

ወደ ቅምሻው ልሂድ። አንደኛው ኤንጀልስ ኤንቪ ነበር። የሉዊቪል፣ ኬንታኪ ነው፤ ቡርቦን ሆኖ ፖርት በሚባለው ጣፋጭ የፖርቱጋል ወይን በርሜል የከረመ፣ 43.3 በመቶ። ለስላሳ ነው። ዘቢብ ዘቢብ ይላል፣ ጉሮሮ አይፋጅም። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ጋሼ መለኪያቸውን ጨርሰው «ይሄንን ለአማቼ እወስዳለሁ» አሉ። ልክ ናቸው። ለስጦታና ለጀማሪ ከሦስቱ የምጠቁመው ይህንን ነው። እኔ ግን ሁለተኛ መለኪያ አላማረኝም። ጣዕሙ ቶሎ ያልቃል።

ሌሎቹ ሁለቱ ባረል ክራፍት ስፒሪትስ ከሚባል ቤት ናቸው። እሱም ሉዊቪል ነው፤ በ2013 የተቋቋመ። የራሱን ውስኪ አያወጣም። ከተለያዩ አውጪዎች በርሜል ይገዛና ይደባልቃል፤ ሙያው እሱ ነው። እኔ ይህን አከብራለሁ። ቡና ቆልቶ ማዋሃድ የሚችል ሰው የግድ ቡና አብቃይ መሆን የለበትም።

ሲግራስ ራይ ከሚባለው እህል የተሠራ ነው። ከማርቲኒክ ደሴት የመጣ ሩም፣ ማዴራ የሚባል የፖርቱጋል ወይንና የአፕሪኮት ብራንዲ በነበሩባቸው በርሜሎች ይከርማል። 59.2 በመቶ ነው፣ ቀልድ አይደለም። ብርጭቆው አፍንጫ ሳይደርስ ፍሬው ይሸታል። ፉት ሲሉት መጀመሪያ ማርማላታ፣ ቀጥሎ ቅርንፉድ፣ መጨረሻ ላይ ሣር ሣር የሚል ነገር። አንዷ ጓደኛችን በጣም ወደደችው። ለኔ ፍሬው በዛ፤ በርሜሉ ውስኪውን ሸፈነው።

ከሁሉ የበለጠብኝ ዳቭቴይል ነው። በሩም፣ በፖርትና በካሊፎርኒያ ናፓ ሸለቆ ያለው የወይን ቤት ደን ቪንያርድስ ካበርኔ የሚባለው ቀይ ወይኑ በነበረባቸው በርሜሎች የከረመ ድብልቅ ነው። ጥንካሬው 60 በመቶን ያልፋል። መጀመሪያ ያለ ውሃ ፉት አልኩት፤ ደረቴ ድረስ ነደደ፣ ከእሳቱ በቀር ምንም አልለየሁም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ውሃ ጨመርኩና ብርጭቆዬን በመዳፌ ይዤ አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። ያኔ ሌላ መጠጥ ሆነ። ጥቁር ቸኮሌት፣ ቴምር፣ ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ፣ ከኋላ ደግሞ እንደ ጠንካራ ሻይ ምላስን የሚይዝ ነገር። ያ የቀይ ወይኑ ነው። ሩሙም ፖርቱም አሉ፤ ውስኪው ግን ከፊት አልጠፋም። በርሜል የቀየረ ውስኪን የምመዝነው በዚህ ነው። አራታችንም በየወረቀታችን ስንጽፍ፣ ሦስታችን ይህንን አንደኛ አድርገን ነበር። ያላደረጉት ጋሼ ናቸው፤ ውሃ አልጨምርም ብለው ነው።

በሽሮ ወይም በጥብስ ላይ አትቅመሱት፤ በርበሬው ሁሉንም ያጠፋዋል። እኛ ያቀረብነው ቆሎና ውሃ ብቻ ነው። መለኪያውን ከግማሽ አታሳልፉ። መኪና የሚይዝ ሰው ደግሞ ያሽትት እንጂ አይጠጣ።

የት ይገዛ? ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ መጠጥ በጠርሙስ የሚሸጠው የስቴቱ ኤቢሲ ሱቅ ነው። ዋጋው በሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ነው፤ የትኛው ቅርንጫፍ እንዳለውም ከቤት ሆኖ ድረ ገጹ ላይ ማየት ይቻላል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላላችሁ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የሚሸጡት የካውንቲው ሱቆች ናቸው። ዲሲ ግን የግል ሱቆች ስለሆኑ ዋጋው ይለያያል፤ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ። ሁለቱ የባረል ጠርሙሶች ከኤንጀልስ ኤንቪ በደንብ ይወደዳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ባር ገብታችሁ አንድ መለኪያ ሞክሩ። ካልወደዳችሁት የከሰራችሁት የአንድ መለኪያ ብር ነው።

ከገዛችሁ በኋላ ጠርሙሱን አቁሙት እንጂ አታስተኙት። እኔ አንዴ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ የከረመ ጠርሙስ ከአንድ ሱቅ ገዝቼ፣ አልኮሉ ቡሹን በልቶት ስከፍተው ውስጡ ተፈረፈረ። በሻይ ማጥለያ አጥልዬ ጠጣሁት፤ የቡሽ ጣዕሙ ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም።