«ሳሩ ለማየት ነው» ያልከው ሰው፣ ናማ እስቲ

የቀበና ልጅ፦ ትናንት አንዱ እዚህ «የአራት ኪሎ ሳር ለማየት ነው እንጂ ለመቀመጥ አይደለም» አለና ስንቱ አጨበጨበለት። ኮሪደሩ፣ ይሄ የመንገድ ዳር ልማት፣ የተሠራው ለሰው አይደል እንዴ? የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ ላይብረሪ ሲሞላበት ደብተሩን ይዞ የት ይሂድ?

ባለ ጥላ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ከ2016 በፊት እዚያ መንገድ ዳር አፍንጫችንን ይዘን እንደነበር የምናልፈው ረሳችሁ? አሁን ካማረ በኋላ ተጋድሞ የኦቾሎኒ ልጣጭ መበተን! መቀመጫ ተሠርቶላችኋል።

ተመራቂ 2009፦ ተቀምጠህበት ታውቃለህ? መደገፊያ የለው፣ ጥላ የለው፣ ስድስት ሰዓት ላይ እንደ ምጣድ ነው። ዘንባባ ደግሞ ለራሱም ጥላ የለው። ስምህ ባለ ጥላ መሆኑ ነው የገረመኝ።

ባለ ጥላ፦ ስሜን ተወው፣ ወደ ነገሩ ግባ።

የስድስቷ፦ እኛ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ኪሲንግ ፑል የምንለው ኩሬ ነበረን፣ የማንም ሳር አላማረንም። ጃንሆይ በ1954 ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ከነአትክልቱ ሲሰጡ «ለማየት ነው» አላሉም።

የቀበና ልጅ፦ እህቴ፣ እሱ ለእናንተ ነው። እኔ ጎረቤቱ ያለ መታወቂያ በሩን አላልፍም። የውጪውን የምፈልገው ለዚህ ነው እኮ።

የስድስቷ፦ ጥበቃዎቹን እኔ አልቀጠርኳቸውም።

ተመራቂ 2009፦ ከዩኒቨርሲቲው ማዶ አንበሳ ግቢ አለልህ። ትኬት ቆርጠህ ትገባለህ፣ አንበሳው ይተኛል፣ አንተ ቆመህ ታየዋለህ። «ለማየት» ማለት ይሄ ነው።

ባለ ጥላ፦ ቀልዱን ተዉትና፣ ሳር በሺህ ተማሪ ከተረገጠ በወሩ አፈር ነው። ያኔ ደግሞ «መንግሥት አይንከባከብም» ትላላችሁ።

የቀበና ልጅ፦ የእናቴን የሳሎን ሶፋ አስታወስከኝ። ፕላስቲኩ ሳይወልቅ አሥር ዓመት፣ እኛ ምንጣፍ ላይ። «ለእንግዳ ነው» ትለናለች። የአራት ኪሎው እንግዳ ማነው?

ውሃ ናፋቂ፦ ስለ ሳር ከተነሳ፣ እኛ ሰፈር ቧንቧ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። እዚያ ሳሩ ጠዋት ጠዋት ይጠጣል። እኔም ልተከል እንዴ?

ባለ ጥላ፦ አንተ ደግሞ ሌላ አጀንዳ ይዘህ መጣህ።

ውሃ ናፋቂ፦ ያው «ለማየት» ነው የመጣሁት።

ባለ ጥላ፦ እሺ፣ ነገ ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ፎቶ እለጥፋለሁ።

ተመራቂ 2009፦ በስድስት ሰዓት ይሁን። በአሥራ አንድ ሰዓት ሄደህ እንዳታታልለን።